መዳህ የጀመረ ሕፃን ይዞ ወደ ሐዋሳ

ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሕፃን በየሳምንቱ ይለወጣል። ባለፈው እሑድ አልጋ መሃል ላይ አስተኝታችሁት ንቅንቅ ያላለው ልጅ በዚህኛው እሑድ ጠርዙ ላይ ይገኛል። አደጋ የሚመጣውም በዚህ ክፍተት ነው፤ ወላጅ የሚጠነቀቀው ባለፈው ሳምንት ለሚያውቀው ልጅ ነውና። ልጅ ያለ ድጋፍ የሚቀመጠው ከ4 እስከ 9 ወር፣ በእጅና በጉልበቱ የሚድኸው ከ5 እስከ 13 ወር ባለው ጊዜ ነው። ጭራሽ ሳይድህ ተነስቶ የሚቆምም አለ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ መንገድ ስትወጡ ዝግጅታችሁ ልጁ ገና የዛሬ ሳምንት ለሚችለው ነገር ይሁን።

ከመነሳት በፊት

9 ወር ሲሞላ የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት «ከጉዞ መልስ» ብላችሁ አታሳልፉት። ከዚህ ክትባት በኋላ ትኩሳትና ቀለል ያለ ሽፍታ ቢመጣ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ነው። ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ቆጥራችሁ ጉዞው እዚያ ላይ እንዳይውል አድርጉ፤ ካርዱንም ያዙት።

ፓራሲታሞል ሽሮፕ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ፤ የ250ውን በ120ው ልክ መስጠት መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ልኩ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ120ው ሽሮፕ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በስሪንጅ ለኩ፤ በመሃሉ ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አይበልጥ። ከዚህ ሌላ ሁለት የኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ፓኬት፣ የዚንክ እንክብል፣ አጎበር፣ ከምትገምቱት በላይ ዳይፐር ይበቃል።

መንገዱ ላይ

ልጁ የሚቀመጠው በኋላ ወንበር ላይ በታሰረ የሕፃን መቀመጫ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ነው። ፊት ለፊት ኤርባግ ባለበት ቦታ ይህን መቀመጫ ማሰር ገዳይ ነው። መቀመጫውን በማሰሪያው በኩል ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ከማሰሪያው ሥር አይግባ፤ ሲጋጭ ጨርቁ ተጨፍልቆ ማሰሪያው ይላላል። አስራችሁ ስትጨርሱ ከላይ አልብሱት። «እቅፌ ውስጥ ይሻላል» የሚሉ አያት ይኖራሉ፤ በፍጥነት በሚሄድ መኪና ድንገት ፍሬን ሲያዝ ግን 8 ኪሎ ልጅ በክንድ አይያዝም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት ጥሩ ነው፤ ልጁ እንቅልፉን ይጨርሳል፣ የመቂና የዝዋይ ሙቀት ሳይበረታም ታልፋላችሁ። ፈጣን መንገዱ ላይ እንዳሻችሁ መቆም ስለማይፈቀድ ዳይፐር የሚቀየረው በመግቢያው በቱሉ ዲምቱ ከመግባታችሁ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ አውርዳችሁ አንቀሳቅሱት። ፀሐይ ሲመታው ነጠላ መቀመጫው ላይ አትጋርዱ፣ አየር ያፍናል፤ መስኮቱን ጋርዱ። ዝዋይ ዓሣ ለመግዛት፣ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ልጁን መኪና ውስጥ መተው የለም። ለመንገድ ከተሠራ ገንፎ ይልቅ ሙዝና አቮካዶ ይቀላል፤ ልጣጩ ስለሚጠብቀው በንጹህ ማንኪያ እዚያው ይፈጫል። ቤት የተሠራ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋ።

ዘመድ ቤት ስትደርሱ

ሻንጣ ሳትፈቱ መሬት ላይ ተንበርክካችሁ ቤቱን በልጁ ዓይን እዩት። ሶፋ ሥር የቀረች ሳንቲም፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና፣ መታጠቢያ ቤት ያለ ባልዲ ውሃ የሚታዩት ከዚያ ሆኖ ነው። ባልዲውን ድፉት፤ ለሚድህ ልጅ ጥቂት ጣት ውሃ ለመስጠም ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ግን ቡናው ነው። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ነገር መሬት ላይ ነው፤ ከሰሉ፣ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ፈንዲሻው። ልጁን «ተው» እያሉ መቀመጥ አያዋጣም። ቡና እስኪያልቅ አንድ ሰው ሥራዬ ብሎ ይያዘው፣ ወይም ማንደጃውና ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ይውጡ። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድም አይሆንም። ከተቃጠለ ቦታውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት፤ በረዶ፣ ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና አይነኩትም። እጅ ወይም ፊት ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረም ጤና ተቋም ሂዱ።

ቡናው ካለቀ በኋላ ቄጤማው ውስጥ የቀረች አንዲት ቆሎ ሌላ ጣጣ ናት። ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ላልበሰለ ጥርስ አይደሉም። ታንቆ እያሳለ ወይም እያለቀሰ ከሆነ አየር እየገባ ነው፤ ይሳል ተዉት፣ ጣት አትክተቱ። ድምፁ ከጠፋ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፤ ራሱ ዝቅ ይበል፣ መንጋጋውን ደግፉ። በመዳፋችሁ ሥር በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ካልወጣ ገልብጣችሁ በሁለት ጣት የደረቱን አጥንት፣ ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 5 ጊዜ ግፉ። እስኪወጣ አፈራርቁ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ዓመት ያልሞላውን ልጅ ሆድ አትጫኑ።

ተቅማጥ ሲጀምረው

በዚህ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ጥርስ እያወጣ ነው» ይባላል፣ ከዚያም ባስ ሲል «ግግ ነው፣ ይውጣለት»። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። በዚህ ዕድሜ ልጁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ ነው ሁለቱ የሚገጣጠሙት። ግግ ማስወጣት ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት ሳትከፍሉ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡት፤ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ጠርሙስ ሁለቴ ማለት ነው። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛበታል፣ ከበዛ አይሠራም፤ በብርጭቆ መገመት የሚያበላሸው ይህን ነው። በቀጠነ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ስጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በዝግታ ቀጥሉ። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። 6 ወር ለሞላው ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አይቋረጥም። ጡትም ምግብም አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ሳይመሽ ሐኪም ይየው።

እንቅልፍና ውድቀት

በእንግድነት ቤት ትልቅ አልጋ ላይ ዙሪያውን ትራስ መደርደር ልጁን አያቆመውም፤ ይወጣበታል፣ ካልሆነም ያፍነዋል። ጠንካራ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋችሁ፣ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ወትፋችሁ ማስተኛት ይሻላል። ከአልጋ ወድቆ ወዲያው አልቅሶ ከተረጋጋ እንቅልፍ መከልከል አያስፈልግም፤ አልፎ አልፎ ቀስቅሳችሁ እዩት። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱ ላይ ለስላሳ እብጠት ካበጀ፣ ወይም ከአንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ከወደቀ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሐዋሳ የወባ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ ከሳምንት፣ ከወርም በኋላ ልጁ ቢያተኩስ በዚያው ቀን ደሙን አስመርምሩ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁም ሐዋሳ ቆይታችሁ እንደመጣችሁ ንገሩት።