ድርጭቶችን ከአንጀት ቁስለት ለማዳን

ጅማ ክረምት ሲገባ የድርጭት ቤት ቶሎ ይረጥባል። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው ኩሳቸውን ነው። ነጭና ውሃ የመሰለ ከሆነ የአንጀት ቁስለትን ጠርጥሩ። አምጪው ክሎስትሪዲየም ኮሊነም የሚባል ባክቴሪያ ነው። ክፉ ነው፤ ደህና በልታ ያደረች፣ ሥጋዋ ያልጎደለ ወፍ ድንገት ሞታ ትገኛለች።

የታመመችውን ወዲያው ለዩ። የሞተችውን ሳትውል ሳታድር ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ፤ ሲከፍታት አንጀቷ ላይ ቁስሉን ያያል። መድኃኒት በግምት አትስጡ፣ እባካችሁ። ኮክሲዲያ የሚባለው ሌላ የአንጀት በሽታም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ደግሞ ሌላ ነው።

ዋናው ነገር ወለሉ ነው። ባክቴሪያው ጉዝጓዝ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወለል ላይ አርቧቸው፤ ኩሱ ወደ ታች ይውደቅ። ከሥር ያለውን ቶሎ ቶሎ ጥረጉ፤ ዝንብም በሽታውን ታዛምታለች።