የኩድዙ ሥር መጠጥ፦ ጃፓኖች ለጉንፋንና ለተረበሸ ሆድ የሚጠጡትን ኩዙዩ እንዴት እንደሚያዘጋጁ

አትላንታ አካባቢ የሚኖር ሰው ኩድዙን ስሙን ባያውቀው እንኳ አይቶታል፤ ዛፉን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ ሰው የለቀቀውን ቤት ሁሉ አልብሶ የሚተኛው ሐረግ እርሱ ነው። ከምሥራቅ እስያ ተነሥቶ አሜሪካ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላዴልፊያ ዐውደ ርእይ ላይ ሲሆን፣ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መንግሥት ራሱ የአፈር መሸርሸርን ይከላከላል ብሎ ገበሬውን ገንዘብ እየከፈለ አስተክሎታል። በሞቃት ወራት በቀን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ ተክል ነውና ዛሬ ገንዘብ የሚወጣው እርሱን ለማጥፋት ነው። በትውልድ አገሩ ግን ሥሩ ከጥንት ጀምሮ መድኃኒትም ምግብም ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሁለቱን እንለይ። ደርቆ ተቆራርጦ የሚፈላው ሥር መድኃኒት ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለትኩሳት፣ ለአንገት መድረቅና ለውኃ ጥም ይታዘዛል፤ ጃፓን ውስጥም ከሌሎች ስድስት ቅመሞች ጋር ተቀምሞ ካኮንቶ በሚል ስም በፋርማሲ ይሸጣል። ከስድስቱ አንዱ የሆነው ኤፌድራ የተባለ ተክል የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ካኮንቶን በቤትዎ ለመቀመም ፈጽሞ አይሞክሩ። ከሥሩ ታጥቦ የሚወጣው ነጭ ስታርች ግን ምግብ ነው፤ በሥሩ ውስጥ ያሉት ፑዌራሪንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ ከእጣቢው ጋር ይሄዳሉ። ኩዙዩ የሚሠራው ከዚህ ስታርች ነው።

በጃፓን፣ ናራ ውስጥ በምትገኘው ዮሺኖ ሥሩ የሚቆፈረው በብርዱ ወራት፣ ቅጠሉ ረግፎ ስታርቹ በሥሩ ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ይወቀጣል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታሻል፣ ይጠለላል፤ ውኃው ሲረጋ ስታርቹ ከሥር ይዘቅጣል። ቡላ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ይህኛው ግን ትዕግሥት የሚፈትን ነው፤ ቡናማው ውኃ እየተደፋ፣ ንጹሕ ውኃ እየተጨመረ፣ እንደገና እየተማታ ዝቃጩ እስኪነጣ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያም በጥላ፣ በነፋስ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ከ10 ኪሎ ግራም ሥር 1 ኪሎ ግራም ስታርች እንኳ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ መግዛት ነው። ከመንገድ ዳር የሚቆፈረው ኩድዙ ብዙ ጊዜ ፀረ አረም ተረጭቶበታል። ከዚህም በላይ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውና ቆዳን ክፉኛ የሚያቆጣው ፖይዝን አይቪ በአንድ ስፍራ አብሮት ሊበቅል ይችላል። በእስያ ምግብ መደብሮች እንደ ኖራ ስብርባሪ የመሰለ ነጭ ስታርች በከረጢት ያገኛሉ። በከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ርካሹ ብዙውን ጊዜ ከድንች ወይም ከስኳር ድንች ስታርች ጋር የተቀላቀለ ነው።

ለአንድ ኩባያ 2 የሾርባ ማንኪያ (20 ግራም ያህል) ስታርችና 200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃል። በመጀመሪያ ስብርባሪውን በማንኪያ ጀርባ አድቅቀው ከውኃው ጥቂት ጨምረው ይበጥብጡት፤ ሙቅ ውኃ ከነካው ወዲያው ይጓጉላል። የቀረውን ውኃ ጨምረው በማጥለያ ወደ ድስት ያጥልሉት። ከዚያ መካከለኛ እሳት ላይ ጥደው ሳያቋርጡ ያማስሉ፤ የድስቱን ጥግና ጥግ አይርሱ፣ መጀመሪያ የሚይዘው እዚያ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ምንም የሚለወጥ አይመስልም። ከዚያ ድንገት ማንኪያው ይከብዳል፣ ወተት የመሰለው ፈሳሽ በየቦታው እየጠራ ብርሃን የሚያስተላልፍ ይሆናል። እሳቱን ቀንሰው አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ማማሰልዎን ይቀጥሉ፤ የጥሬነት ጣዕሙ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው።

ለጉንፋን የዝንጅብል ጭማቂና ማር ይጨመርበታል። ለተረበሸ ሆድ ደግሞ ጣፋጩ ይቀርና በጨው የተዘፈዘፈ የጃፓን ፕለም ተፈጭቶ ይገባበታል። ትኩሱን በማንኪያ ይጠጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም።

ኩዙዩ ጉንፋንን አያድንም፤ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ምግብ እምቢ ላለ ሆድም ይስማማል። የሥሩ ዱቄትና እንክብል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የስኳር ሕመም መድኃኒት፣ ታሞክሲፈን (የጡት ካንሰር መድኃኒት) ወይም ሜቶትሬክሴት (ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም የጉበት ሕመም ካለብዎ ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ደግሞ ኩዙዩ የኦ አር ኤስን ቦታ አይተካም፤ በተቅማጡ ደም ከታየ ወይም ልጁ መጠጣት ካቃተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።