ለሃሚንግበርድ ማር አትስጡ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ጓሮ ወይም በረንዳ ያላችሁ፣ የሃሚንግበርድ (የአበባ ወለላ የምትመጥ ትንሽዬ ወፍ) መመገቢያውን ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ስቀሉት። ከደቡብ የሚመለሱት በዚያ ሰሞን ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ወንዱ ጉሮሮው ቀይ የሆነው ዓይነት ነው። ክብደቱ 3 ግራም ገደማ ብቻ!

ምግቡ ቀላል ነው። 1 ኩባያ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ። ስኳሩ እስኪሟሟ አማስሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ በቃ። ቀይ ቀለም አያስፈልግም፤ መመገቢያው ራሱ ቀይ ከሆነ ይበቃል። እኛ ሀበሾች ደግሞ "ማር አይሻልም?" ማለት ይቀናናል። እኔም ብዬ ነበር። ማር በውሃ ሲበጠበጥ ምን እንደሚሆን ጠጅ የጣለ ሰው ያውቃል። ለወፏ ግን ጠጅ አይሆንላትም፤ የሚያበቅለው ሻጋታ ያሳምማታል። ቡናማ ስኳርም ይቅር፣ ለወፏ የማይስማማ ብረት (አይረን) አለበት።

ብዙ ሰው የሚሰንፈው እጥበቱ ላይ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ በየ2 ቀኑ ድፉትና መመገቢያውን በሙቅ ውሃና በብሩሽ ፈትጉት። ደፍረስ ካለ ቀን አትቁጠሩ፣ ወዲያው ድፉት። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ጨምሩበት፤ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ጉንዳን ካስቸገረ፣ በማንጠልጠያውና በመመገቢያው መሃል ውሃ የሚይዝ ትንሽ ኩባያ አድርጉ።

ሴፕቴምበር ሲገባ ለማውረድ አትቸኩሉ። ምግብ አለ ብለው ከጉዟቸው አይቀሩም። ከሰሜን ዘግይታ የምታልፍ አንዲት ወፍ ግን ልትኖር ትችላለች።