ከከተማው ዳር ሆነው ጃዝን እንዴት እንደሚያዳምጡ

ይህ መመሪያ ጃዝን ለመልመድ ፈልጎ ከየት እንደሚጀምር ላልለየ ሰው የተጻፈ ነው፤ በተለይም እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አያትና ጀሞ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለሚኖር ሰው። ጃዝ በመድረክ የሚቀርብባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ያሉት መሃል ከተማ ሲሆን፣ ሙዚቃው የሚሞቀው ደግሞ ወደ ሰፈራችን የሚመጣ ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የዳር ነዋሪ ጃዝን በአብዛኛው የሚያገኘው በገዛ ቤቱ ነው፤ ይህም ከታወቀበት ጉዳት የለውም። የእኔ ምክር ጥቂት አልበሞችን መርጦ እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሞ መስማት ነው። መቶ አልበም በየመሃሉ ቆንጥሮ ከሚሰማ ሰው ይልቅ አምስት አልበም አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ጃዝን ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ የማዳመጫውን ነገር ያስተካክሉ። የስልክ ድምፅ ማውጫ ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣ ቤዙ ከነአካቴው ይጠፋል፤ ቤዙ ካልተሰማ ደግሞ የቀሩት ተጫዋቾች ምን ላይ ቆመው እንደሚጫወቱ አይገባም። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ጆሮን በደንብ የሚገጥም መካከለኛ ኢርፎን ይበቃል። በስፒከር የሚያዳምጡ ከሆነ ግን ክፍሉንም ማሰብ ይኖርብዎታል፤ ዕቃ ያልሞላው የኮንዶሚኒየም ቤት በባዶ ግድግዳውና በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ወለሉ ድምፁን መልሶ እያስተጋባ ስለሚያደበላልቀው፣ የድራሙ ሲምባል (የናስ ሳህኑ) ጆሮ ይወጋል፣ ፒያኖውም ይድበሰበሳል። ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ወፈር ያለ መጋረጃ ይዝጉ፣ ስፒከሩንም ከግድግዳው ጥግ ራቅ ያድርጉት፤ ጥግ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙን ያለ ልክ ያጎላዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ኢርፎን መመለስ የጉርብትና ግዴታ ነው። አልበሙን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱት፤ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ጃዝ አይሰማም፤ መብራት ቢጠፋም ሙዚቃዎ አይቋረጥም። ሙዚቃዎቹን እያፈራረቀ የሚያጫውተውንም ምርጫ ያጥፉት፤ የአልበሙ ቅደም ተከተል ታስቦበት የተሠራ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ጥሩው መግቢያ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ የቀዱት «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጅማ ተወልደው በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማሩት ሙላቱ፣ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከምዕራቡ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፆች ኅብር ጋር አዋሕደው፣ ከበታቻቸው የላቲን አሜሪካንና የፈንክን ምት አኖሩ። በዚህ አልበም ውስጥ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ላይ ይቆዩ። የሠርግ ዜማውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ዜማውን ለመያዝ አንደክምም፤ ስለዚህም ትኩረታችንን ሁሉ ዜማው ላይ ምን እየተሠራ እንዳለ ለመከታተል ልናውለው እንችላለን። የጃዝ መሠረታዊ አሠራርም ይኸው ነው፦ አንድ ዜማ ይነሣል፣ ተጫዋቾቹ በየተራ የዜማውን ቅርጽ ይዘው እዚያው በዚያው አዲስ ነገር ይፈጥሩበታል፣ በመጨረሻም ወደ ተነሣው ዜማ ይመለሳሉ። ይህ ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ውሕደት «እውነተኛ ጃዝ» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ለአድማጭ የሚሰጠው ጥቅም አይታየኝምና ጊዜዎን አያባክኑበት።

ሁለተኛው አልበም የአሜሪካዊው ትራምፔት ተጫዋች የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ይሁን። በ1959፣ መጋቢት ወር ላይ በአንድ ቀን ሚያዝያ ላይ ደግሞ በሌላ ቀን፣ በኒው ዮርክ የተቀዳ ሲሆን አምስት ሙዚቃዎች አሉት። የመጀመሪያው «ሶ ዋት» ይባላል፤ በእኔ አስተያየት ከየትኛውም መጽሐፍ በተሻለ ጃዝን የሚያስተምር እርሱ ነው። ፒያኖውና ቤዙ በዝግታ ከከፈቱት በኋላ ዋናውን ዜማ የሚያወጣው፣ ከተለመደው በተቃራኒ፣ ቤዙ ነው፤ የነፋስ መሣሪያዎቹ ሁለት ድምፅ ብቻ ያላት አጭር መልስ ይሰጡታል፤ ልክ በሠርግ ቤት አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ እንደሚቀበሉት ማለት ነው። አሁን በጣትዎ አራት አራት እየመቱ ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ አራት ምት አንድ ባር ይባላል። አሥራ ስድስት ባር በአንድ ስኬል (እንደ ቅኝት ባለ የድምፆች መሰላል) ላይ ይሄድና ለስምንት ባር ሁሉም ነገር በግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ያህል) ከፍ ይላል፣ ከዚያም ለስምንት ባር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ሠላሳ ሁለት ባር እስከ መጨረሻው ይደጋገማል። ማይልስ በትራምፔቱ፣ ጆን ኮልትሬን በቴነር ሳክስፎኑ፣ ካነንቦል አደርሌይ በአልቶ ሳክስፎኑ፣ ቢል ኤቫንስም በፒያኖው በየተራ የሚፈጥሩት በዚሁ ላይ ነው። ግማሽ ድምፅ ከፍ የምትልበትን ቦታ ሳይቆጥሩ በጆሮዎ ብቻ ማወቅ የቻሉ ቀን ብዙ መንገድ ሄደዋል ማለት ነው። ማይልስ በዚህ አልበም ኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆችን) ቶሎ ቶሎ ከማፈራረቅ ይልቅ በአንድ ስኬል ላይ ረጅም ጊዜ መቆየትን መርጧል፤ አልበሙ ለእኛ ጆሮ የማይከብደውም፣ የእኛም ሙዚቃ በትዝታ ወይም በባቲ ከገባ በዚያው ቅኝት ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ይመስለኛል።

አንዱን አልበም ደጋግሞ መስማት ሲባል በየጊዜው አንድ ተጫዋች እየመረጡ መከተል ማለት ነው። «ካይንድ ኦቭ ብሉ»ን በመጀመሪያው ዙር ምንም ሳይመርጡ ይስሙት። በሁለተኛው የፖል ቼምበርስን ቤዝ ብቻ ይከተሉ፤ ሳክስፎኑ ምንም ያህል ቢስብዎ ከቤዙ አይለዩ። በሦስተኛው የድራም መቺውን የጂሚ ኮብን ሲምባል ይያዙ፤ ድምፁን ሳያጎላ እንዴት ሁሉንም እንደሚያስኬዳቸው ያስተውላሉ። ይህ ሥራ ከሌላ ሥራ ጋር አይሄድም። ቤት እየጠረጉ የሚሰማ ብዙ ደስ የሚል ሙዚቃ አለና ጃዝን ለዚያ አያውሉት።

ከዚህ በኋላ ወደ ጌታቸው መኩሪያ ይለፉ። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይፎክራል፣ ከተለመደው የሳክስፎን ልስላሴ ይወጣል። ጆሮዎ በእርሳቸው ከተለማመደ፣ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያስፈራው የጆን ኮልትሬን «አ ላቭ ሱፕሪም» አይከብድዎትም። ይህ በታኅሣሥ 1964 የተቀዳ፣ አራት ክፍሎች ያሉት፣ ከግማሽ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ የምስጋና ሥራ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ቤዙ አራት ድምፅ ያላትን አጭር ሐረግ ያነሣል፤ ኮልትሬን ያንኑ ሐረግ መነሻ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ይጫወተውና በመጨረሻ ሐረጉ በሰው ድምፅ ይዜማል። አራተኛው ክፍል ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ኮልትሬን ለፈጣሪ የጻፈው የጸሎት ግጥም በአልበሙ ሽፋን ላይ ታትሟል፤ በዚህ ክፍል ግጥሙን በአንደበቱ ሳይሆን በሳክስፎኑ፣ ቃሉን በቃል እየተከተለ ያነበዋል። ግጥሙን ፈልገው ከፊትዎ ያኑሩና መስመሩን በጣትዎ እየተከተሉ ያዳምጡት። ንባብ በዜማ ሲደርስ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ክፍል ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ጊዜው ደግሞ እሑድ ማለዳ፣ ግቢው ከመንቃቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ከሥራ ወደ ዳር ለሚመለሱበት ረጅም የአውቶቡስ መንገድ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» እመርጣለሁ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 «ቸ በለው»ን የሠሩት ኃይሉ፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከምት ማሽን ጋር አቀናጅተው ይህን ብቻቸውን ቀዱት። በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ለዓመታት ሲኖሩ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አስቀምጠው ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። አልበሙ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቃቸው። ሙያን ሳይለቁ መኖር ይቻል እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ወጣት ሁልጊዜ የምነግረው የእርሳቸውን ሕይወት ነው።

ፊልምን በተመለከተ ምርጫዬ ጥቂት ነው። በርትራን ታቨርኒየ በ1986 የሠራው «ራውንድ ሚድናይት» ከሁሉ ይቀድማል፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሳክስፎኒስቱ ዴክስተር ጎርደን ራሱ ስለሆነ አተነፋፈሱና አነጋገሩ ሳይቀር የጃዝ ተጫዋች ነው። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» (2005) ስለ ጃዝ ባይሆንም፣ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ በሰጠው ሲዲ የሙላቱን ሙዚቃ እየሰማ መኪና የሚነዳውን ሰው ለማየት ሲባል ብቻ ሊታይ ይገባዋል። ስለ ወጣት ድራም መቺና ስለ ጨካኝ አስተማሪው የሚተርከውን «ዊፕላሽ»ን ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ፊልም ቢሆንም ጃዝን በእጅ ፍጥነትና በስድብ የሚገኝ ነገር ያስመስለዋል፣ ከላይ የተጠቀሱት አልበሞች አብዛኞቹ ደግሞ መደማመጥን ነው የሚያሰሙት።

መድረክ ላይ ለማየት የሚወጡ ከሆነ የመመለሻ መኪናዎን ከመውጣትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ የሚቻል ከሆነ ከሰፈር ሰው ጋር ሆነው ወጪውን ይካፈሉ። ድራሙንና ቤዙን ማየት የሚችሉበት ቦታ ይቀመጡ፣ አንድ ተጫዋች የግሉን ሲጨርስ ሙዚቃው ባያልቅም ያጨብጭቡለት፣ በጨዋታው መሃል ወሬ አያብዙ።

የሚቀጥለውን አልበም ለመምረጥ የተጫዋቾቹን ስም መከተል ከሁሉም የተሻለ መንገድ ነው። «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ላይ አልቶ ሳክስፎን የሚጫወተው ካነንቦል አደርሌይ በ1958 «ሰምቲን ኤልስ» የተባለ የራሱን አልበም ሲያወጣ ማይልስ ዴቪስ ከኋላው ሆኖ ተጫውቶለታል፤ የሁለቱን ቦታ መለዋወጥ ከመጀመሪያው ሙዚቃ ጀምሮ ያዳምጡ። እዚያ ላይ ድራም የሚመታው አርት ብሌኪ ነው፤ እርሱ ራሱ ባንድ የሚመራባቸው አልበሞች ስላሉ ቀጣዩን ከእነርሱ ይምረጡ።