ከእትብት ደም ተከላካይ ሴል እንዴት ይሰራል፦ ከማዋለጃ ክፍል እስከ ናይትሮጅን ታንክ

ዘጌ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ የቡና ዛፍ አለ። የእኔ እትብት የተቀበረው ከስሩ ነው። እናቴ የልምድ አዋላጅ ነበረች። ከውጭ ተመልሼ ስራዬን ሳጫውታት፣ ከእትብት ደም ቀድተን ካንሰር የሚዋጉ ሴሎች እናሳድግ ነበር አልኳት። ስኒዋን አስቀመጠችና “ልጁስ?” አለችኝ። ባህር ዳር ለማስተምራቸው የላብራቶሪ ልጆችም ትምህርቱን የምጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ህፃኑ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት እትብት ቢያንስ 1 ደቂቃ ሳይሞላው እንዳይታሰር ይመክራል። በዚያች ደቂቃ ወደ ህፃኑ የሚያልፈው ደም ለወራት የሚሆነው የብረት ስንቅ ነው። የደም መቅጃ ከረጢታችሁ እንዲሞላ ብላችሁ አዋላጇን አታጣድፏት። የእኛ ድርሻ ከዚያ በኋላ እትብቱና እንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም ነው። እሱም ቢሆን ይበቃል።

እናትየዋ ፈቃድ የምትጠየቀው ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ምንም ብትሏት “እሺ” ትላለች፤ ያ ፈቃድ አይባልም። እኛ አገር እትብት ይቀበራል። ስለዚህ የምትወስዱት ደሙን ብቻ መሆኑን በግልጽ ንገሯት። ደሟም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ጣና ዳር ስለሆንን ወባም ይታይ።

አሁን ወደ አቀዳዱ። እትብት ውስጥ ሦስት የደም ስሮች አሉ፦ ሁለት አርተሪና አንድ ቬን። እናንተ የምትፈልጉት ቬኑን ነው። ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ በጣት ሲነካ ይለሰልሳል። ቦታውን በአልኮል ከዚያም በአዮዲን ጥረጉና ይድረቅ። መርፌውን አስገቡ፣ ከረጢቱን ዝቅ አድርጉት፣ ደሙ በራሱ ይወርዳል። ከረጢቱ ውስጥ ሲፒዲ የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ። ደሙ እየገባ ከረጢቱን ቀስ ብላችሁ አገላብጡት፤ አትናጡት። ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ሰዓቱን እዚያው ጻፉ።

አንድ ቀን ከረጢት በባጃጅ ተልኮልኝ መጣ። የላከው ሰው ደህና አደረግሁ ብሎ በረዶ ላይ አስተኝቶታል። ስከፍተው ፕላዝማው ቀይ ሆኗል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተዋል። ያቺ እናት የሰጠችንን መጣል ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደሙን በክፍል ሙቀት አጓጉዙት፣ በረዶ አታስነኩት። የእትብት ደም ባንኮች እስከ 48 ሰዓት ይጠብቃሉ። እኔ ግን በዚያው ቀን ካልደረሰኝ ደስ አይለኝም።

ቀጥሎ መለየት ነው። ደሙን በእኩል መጠን ጨዋማ ባፈር አቅጥኑት። ሴሎችን በክብደታቸው የሚለየውን ፊኮል የሚባል ፈሳሽ፣ መጠነ እፍጋቱ 1.077 የሆነውን፣ ቱቦ ውስጥ አድርጉ፤ ደሙን ከላዩ አስተኙት። እዚህ ላይ ትዕግስት ይጠይቃል። ቱቦውን አዘንብሉ፣ የፒፔቱን ጫፍ ከግድግዳው አስጠጉ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ልቀቁት። ከተቀላቀለ አለቀ። ሴንትሪፉጁን በ400 ጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት 400 እጥፍ ኃይል፣ ለ30 ደቂቃ አሽከርክሩት፤ ፍሬኑን ግን አጥፉት። በፍሬን ካቆማችሁት የተለያየው ንብርብር መልሶ ይበጠበጣል።

ሲወጣ ከላይ ቢጫ ፕላዝማ፣ ከታች ጥቁር ቀይ ደም ታያላችሁ። መሀል ላይ የወተት ስልባቦት የመሰለች ስስ ነጭ ቀለበት አለች። የምንፈልጋቸው ሴሎች ያሉት እሷ ውስጥ ነው። ቀለበቷ ትንሽ ብትቀላ አትደንግጡ። የእትብት ደም ኒውክለስ ያላቸው ያልበሰሉ ቀይ ሴሎች አሉበት፤ እነሱም እዚያው ይሰበሰባሉ። ቀይ ሴል በሚያፈነዳው አሞኒየም ክሎራይድ ይቀንሳሉ። እጠቡ፣ ከዚያ ትራይፓን ብሉ በሚባለው ቀለም ቁጠሩ። የሞተው ሴል ሰማያዊ ይሆናል፣ ህያው ያበራል።

ለማሳደግ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ ደሙ ውስጥ ያሉትን ካንሰር የሚዋጉ የተፈጥሮ ገዳይ ሴሎች፣ ማለትም ኤንኬ ሴሎችን፣ ማባዛት ነው። ኬ562 የሚባል የካንሰር ሴል ቀስቃሽ ፕሮቲኖች እንዲሸከም ተደርጎ፣ በጨረር መራባት እንዳይችል ሆኖ አብሯቸው ይገባል። ተከላካይ ሴሎችን የሚያነቃቃ አይኤል-2 የሚባል ፕሮቲን ይጨመራል። ኤንኬዎቹ እሱን እያዩ ይነቃሉ፣ በ2 ሳምንት እጅግ ይበዛሉ። ረጅሙ መንገድ ሲዲ34 የተባለ ምልክት ያላቸውን ግንድ ሴሎች፣ ማለትም ወደ ሌላ የደም ሴል መለወጥ የሚችሉትን፣ በማግኔት ለቅሞ ከዜሮ ማሳደግ ነው። እነሱ መጀመሪያ እንዲበዙ፣ ቀጥሎ በአይኤል-15 እና በመሰሎቹ ወደ ኤንኬ እንዲለወጡ ይደረጋል። ከ5 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ይህ የወረቀት ሃሳብ አይደለም። የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላ በ1988 ፓሪስ ውስጥ ተሰርቷል። ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ የነበረበት ልጅ የዳነው አዲስ በተወለደች እህቱ የእትብት ደም ነው። በ2020 ደግሞ አሜሪካ፣ ሂውስተን ያለው የተመራማሪዋ ካቲ ሬዝቫኒ ቡድን ከእትብት ደም ያሳደጋቸውንና ካንሰሩን እንዲለዩ ጂን የጨመረባቸውን ኤንኬ ሴሎች ለ11 የሊምፎማና የደም ካንሰር ህመምተኞች የሰጠበትን ውጤት አሳተመ። ለ8ቱ ሰርቷል፤ በ7ቱ ካንሰሩ በምርመራ አልታይ ብሏል።

እዚህ ከተማሪዎቼ ጋር የምሰራው ለትምህርት ነው፤ ለይተን ለጥቂት ቀን በህይወት እናቆያለን። ለህመምተኛ የሚሰጠው አየሩ በተጣራ ልዩ ክፍል ብቻ ይሰራል። ግን ባህር ዳር አንድ ነገር አስተምራኛለች። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል። ኢንኩቤተሩን መጽሐፉ እንደሚለው 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አድርጌ፣ የሴሎቹ ምግብ በየጠዋቱ ወደ ሐምራዊ ሲያዘነብል አገኘው ነበር፤ ምግቡ አሲዱ ሲያንስ ሐምራዊ፣ ሲበዛ ቢጫ የሚሆን ቀለም አለበት። ሴሎቹ ላይ የሚደርሰው ጋዝ ለካ የ4 በመቶ ያህል ነው። ወደ 6 ከፍ ሳደርገው ቀለሙ ተስተካከለ። ምግቡ ጠጅ መስሎ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ሴሎቹ በዝተዋል፣ አሲድ ሞልቶታል ማለት ነው፤ ቶሎ ቀይሩላቸው። መብራት ከሄደ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ። ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ሴሎቹ ለሰው ከመሰጠታቸው በፊት ባክቴሪያ፣ ማይኮፕላዝማ የሚባለው በጣም ትንሽ ባክቴሪያና ኢንዶቶክሲን የሚባለው የባክቴሪያ መርዝ ይፈተሻል። ቲ ሴል የሚባለው ሌላው ተከላካይ ሴል አብሮ አለመቅረቱም ይታያል። ከሌላ ሰው የመጣ ቲ ሴል የተቀባዩን አካል ሊያጠቃ ይችላልና ይህ በቸልታ አይታለፍም።

ማስቀመጥ ካስፈለገ ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቀውን ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ 10 በመቶ ጨምሩና በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀነሳችሁ አቀዝቅዙት። ከዚያ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለበት ታንክ ውስጥ ይገባል። የከብት አዳቃዮች የኮርማ ዘር ይዘው የሚዞሩበትን ዓይነት ታንክ አስቡ። ሲወጣ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ትንሽ በረዶ ሲቀረው አውጡትና ወዲያው አቅጥኑት፤ ዲኤምኤስኦ ሲሞቅ ሴል ይጎዳል። ከዚያ ትራይፓን ብሉውን አምጡና እንደገና ቁጠሩ።