የኅብረት ዝማሬው አልሰምር ሲል ዘፈኑን መርምሩ

ፋሲካ አልፎ የወላጆች ቀን ሲቃረብ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ያው ጭንቀት ይመጣል። የሙዚቃ ክበቡ መድረክ ላይ ይወጣል ተብሏል፤ ልምምዱ ግን አልሄድ ብሏል። መምህሩ ይቆጣል፣ ልጆቹ አንድ ሁለት እያሉ መቅረት ይጀምራሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹን ከመውቀሳችሁ በፊት የመረጣችሁትን ዘፈን መርምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ልምምድ ላይ የምታዩት ምልክትም መንስኤውን ይነግራችኋል።

ወንዶቹ አዝማቹ ላይ ዝም ይላሉ

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይኼ ነው። ዘፈኑ ሲጀመር ሁሉም አለ። አዝማቹ ከፍ ሲል የወንዶቹ ድምፅ ይጠፋል። የአንዱ ድምፅ ተሰብሮ ይወጣል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ደፍሮ አፉን አይከፍትም።

መንስኤው ድፍረት ማጣት አይደለም። የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ወንድ ልጅ ጉሮሮው ገና እያደገ ነው። የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ለውጡ ሲያበቃ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ያህል ወርዶ ይገኛል። በመሃሉ ግን ሳይሰበር የሚያወጣው አምስት ወይም ስድስት ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሴቶቹም ድምፅ ይለወጣል፤ የሚወርደው ግን በጥቂቱ ስለሆነ ልብ የሚለው የለም። ለጊዜው ትንፋሽ የበዛበት ይሆናል እንጂ አይሰበርም። እኛ ደግሞ የምንመርጠው ከካሴት ወይም ከዩቲዩብ የሰማነውን ነው። ያ ዘፈን የተቀዳው ዘፋኙ ለራሱ ጉሮሮ በመረጠው ከፍታ ነው። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

መፍትሄው ዘፈን ከመምረጥ በፊት ልጆቹን መስማት ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፉ ኋላ ቁሙና ጆሮ ስጡ። መዝሙሩ ከፍ ወደሚልበት ቦታ ሲደርስ ማን ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ማን ከንፈሩን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ ትለያላችሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ጥሯቸው። ጓደኞቹ ፊት አይሁን፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በድምፁ ከተሳቀበት አይመለስም። የሚያውቀውን አንድ ስንኝ በተመቸው ከፍታ ይዝፈን። እናንተ በኪቦርዱ እየተከተላችሁ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፁን ደብተር ላይ ጻፉ። ሁሉም የሚገናኙበት ቦታ የት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ከዚያ እጅግ የሚወጣ ዘፈን የቱንም ያህል ቢያምር ይቅር። ትንሽ ብቻ የሚወጣውን በኪቦርዱ ትራንስፖዝ (ከፍታ መቀየሪያ) ቁልፍ በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ እያወረዳችሁ ሞክሩት። ግማሽ ድምፅ ማለት ኪቦርዱ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ጥቁሩም ሳይዘለል እስከ አጠገቡ ቁልፍ ያለው ርቀት ነው።

ምርጫው ትክክል መሆኑን ከልጁ አካልም ማወቅ ይቻላል። ዘፈኑ ሲበዛበት አገጩን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ የአንገቱ ደም ሥር ይገተራል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ሲወርድበት ደግሞ አገጩን ደረቱ ላይ ይቀብራል። ቀና ብሎ፣ ትከሻውን ጥሎ የሚዘፍነውን ምረጡለት።

ዝቅ አድርጋችሁትም ካልሆነ አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን ፈልጉ። የአገራችን የቡድን ጭፈራ አብዛኛው እንዲህ ነው። ተቀባዩ የሚለው አጭር ነው፣ ከሁለት ከሦስት ድምፅም ብዙ አይርቅም። በቡሄ በየደጁ ሲጨፍር ያደገ ወንድ ልጅ መቀበል ማንም ሳያስተምረው ያውቅበታል። ድምፁ እየተለወጠ ያለው ልጅ ተቀባይ ይሁን፤ ማውጣቱ ለቻለው ይሰጥ።

ድምፅ ሲደረብ ይጎረብጣል

ልጆቹን ከቀጭኑ ድምፅ እስከ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ ብላችሁ ከፋፍላችኋል። ለየብቻቸው ሲዘፍኑ ጥሩ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጆሮ ይከረክራል። ወይ ደግሞ ዘፈኑ የእኛ መሆኑ ይቀርና የሌላ አገር ይመስላል።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የተሠራባቸው ድምፆች አደራደር ነው። ባህላዊ ዘፈናችን በአንድ ዜማ የሚሄድ ነው፤ በአራት ድምፅ እንዲደረብ ታስቦ አልተሠራም። ቅኝቶቹም ለመደረብ እኩል አይመቹም። ትዝታ ሜጀርን ተመልከቱ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በመካከላቸው የግማሽ ድምፅ ርቀት የለም። ስለዚህ የትኛውም ከየትኛው ጋር ቢገናኝ ብዙም አይጋጭም። አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ አላቸው። አንዱ ቡድን ታችኛውን ሌላው ላይኛውን ይዞ ሲገናኙ ነው የሚጎረብጠው። ያ ግማሽ ድምፅ ደግሞ የቅኝቱ ውበት ነው። እንዳይጋጭ ብላችሁ ኖታ ከቀየራችሁ አምባሰልነቱ ይጠፋል።

ስለዚህ መደረብ ከፈለጋችሁ በትዝታ ሜጀር የሄደ ዘፈን ምረጡ። በጣም ቀላሉ መንገድ መከተል ነው። አንደኛው ቡድን ይጀምራል፤ አንድ ስንኝ ሲጨርስ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይነሳል። ሁሉም የሚማረው አንድ ዜማ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ግን የተደረበ ድምፅ ነው። ለጀማሪ ቡድን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆን ዜማውን ሁሉም በአንድ ይዘፍኑት፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ጥቂት ልጆች ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ብቻ ከሥር ይያዙ። እሱ ይበቃል። መሰንቆ የሚጫወት ካለ ደግሞ ከኪቦርዱ ይልቅ እሱ ያጅባቸው።

ካሴቱ ላይ ያምራል፣ ሠላሳ ልጅ ሲዘፍነው ይንጫጫል

ዘፋኙ ድምፁን ያንቆረቁራል፣ ያርገበግባል፣ አንዷን ፊደል አምስት ቦታ ያዞራታል። ይህ የብቸኛ ሰው ጥበብ ነው። ሠላሳ ልጅ በየራሱ መንገድ ሲያንቆረቁር ዜማው ይበተናል። ቀረርቶም እንዲሁ ነው፤ ምት ስለሌለው አንድ ላይ የሚጓዙበት ነገር የለም።

ዘፈኑን ስትመርጡ ማስዋቢያውን ሁሉ አውጥታችሁ ባዶ ዜማውን አንጎራጉሩት። ያኔም ካማረ ውሰዱት፤ ካላማረ ውበቱ የዘፋኙ ስለነበር ተዉት። ማንቆርቆሩና ቀረርቶው ለአንድ ጎበዝ ልጅ ይሰጥ፣ ሌሎቹ በአዝማቹ ይቀበሉት። በነገራችን ላይ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲማር ያደገ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም። የትንፋሹ ርዝመትና የድምፁ አያያዝ ያስቀናል፤ ፈልጉት።

የአርበኞች ዘፈን ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎጃም የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ነውና ፉከራና ሽለላ ልጆቹ ይወዳሉ፣ አዳራሹም ይነሳል። ሁሉም ሲፎክር ከዋለ ግን በማግስቱ ድምፅ ያለው አይገኝም። በአንድ ፕሮግራም ከአንድ በላይ አይኑር። እሱም መጨረሻ ላይ ይሁን።

ግጥሙ አይሰማም

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ ትምህርት ቤቶች ያሉበት አገር አድማጭ መጀመሪያ የሚያዳምጠው ቃሉን ነው። ዜማው ቢያምርም ግጥሙ ካልተሰማ ወላጅ ያጨበጭብና "ምን አሉ?" ብሎ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል።

የሚጠብቀው ፊደል ሲዘፈን ከላላ፣ የሚላላው ከጠበቀ ቃሉ ይዞራል። ዜማው ከግጥሙ ንግግር ጋር የሚሄድ ዘፈን ምረጡ። ለማወቅ ግጥሙን ያለ ዜማ በምቱ ላይ እያጨበጨባችሁ አንብቡት። ምላስ የሚያደናቅፍ ከሆነ ለልጆቹም ያደናቅፋቸዋል።

ሲጨርሱ ከጀመሩበት ወርደው ይገኛሉ

ስንኙ ከትንፋሻቸው ስለረዘመ ነው። ሳይጣደፉ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሱት ስንኝ ያለውን ምረጡ።

ልጆች ምክንያት ሳይናገሩ ይቀራሉ

እዚህ ላይ ድምፅ ሳይሆን ሕይወት ነው ጉዳዩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ዘፈንና ጭፈራ የማይደፍር ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጁ ለመምህሩ እንዲህ ነው ለማለት ያፍራል፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ረመዳን ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። መፍትሄው የቀን መቁጠሪያ ማየት ነው። ጾሙ ውስጥ የሚውለው ልምምድ ስለ አገር፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጮቄ ተራራ፣ ስለ ትምህርት በሚናገሩ ረጋ ያሉ ዜማዎች ይያዝ። እስክስታ ያለበት ለፋሲካ ማግስት ይቆይ።

አንዳንዱ መምህር ይህን ለማምለጥ መንፈሳዊ መዝሙር ያስገባል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። ከሕጉም በላይ የሌላ እምነት ልጅ ሰልፉ ውስጥ ቆሞ አፉን ዘግቶ ማየት ልብ ይነካል።

የፍቅር ዘፈን ሲሆንም ይቀራሉ። ሴቶቹ አባታቸው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያንን ግጥም መዝፈን ያፍራሉ። ልክ ናቸው። ግጥሙን አስቀድማችሁ ስጧቸው፣ ቤት ወስደው ያንብቡት፣ አይሆንም ያሉት ይቅር።

መሪ ድምፁ ሰኔ ላይ ይጠፋል

የ12ኛ ክፍል ልጆች በሳል ድምፅ ስላላቸው ዘፈኑን በእነሱ ላይ መገንባት ያጓጓል። ፈተናው ሲቃረብ ግን ልምምድ ይተዋሉ፤ አይፈረድባቸውም። አንድ ልጅ ሲጎድል የሚፈርስ ዘፈን አትምረጡ። ለእያንዳንዱ አውጪ ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ክፍል ተተኪ ይኑረው፤ ከመጀመሪያው ቀን አብሮት ይልመድ።