የባውንቲን ሞዴል ከኪት መገጣጠም፦ አካሏ፣ መዳቧ፣ ገመዷ

ባውንቲ እ.ኤ.አ. በ1784 በእንግሊዟ ሀል ከተማ «ቤቲያ» ተብላ የተሠራች የንግድ መርከብ ናት። በ1787 ባሕር ኃይሉ ገዝቶ ስሟን ለወጠና የዳቦ ፍሬ ችግኝ እንድታመጣ ወደ ታሂቲ ላካት። በ1789 መርከበኞቿ አመፁ፤ በዓመቱ ፒትኬርን ደሴት ላይ ራሳቸው አቃጠሏት። ለሞዴል ሠሪ ተስማሚ የሚያደርጋት መጠኗ ነው። ርዝመቷ 27.7 ሜትር፣ ስፋቷ 7.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1፡48 ልኬት አካሏ 58 በ15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይመጣል። ሦስት ምሰሶ ስላላት ግን የገመድ ሥራዋ ቀላል አይደለም። ከዚህ በፊት ምንም ሞዴል ያልሠራ ሰው ባለ አንድ ምሰሶ ጀልባ ቢያስቀድም ይሻለዋል።

የኪቱ፣ ማለትም ተቆርጦ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ዕቃ፣ ሳጥን እንደተከፈተ ከኮምፖልሳቶ የተቆረጠውን የጀርባ አጥንት (ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቀውን መሀለኛ ሰሌዳ) መስታወት ላይ አስተኙት። ከሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ጠሟል ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ አርሱትና በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች መሀል ክብደት ጭናችሁ ለአንድ ሙሉ ቀን ተዉት። አሁን ያልተቃና ኋላ አይቃናም። ቀጥሎ የጎድን አጥንቶቹን፣ ማለትም በጀርባ አጥንቱ ላይ በአግድም የሚቆሙትን ሰሌዳዎች፣ ያለ ኮላ ሰክታችሁ ሞክሩ። በትንሽ ግፊት መግባት አለባቸው፤ በኃይል የሚገባ የጀርባ አጥንቱን ያጎብጠዋል። ሲጣበቁ እያንዳንዱን በማዕዘን መለኪያ አረጋግጡ።

የመርከቧ ቅርጽ የሚወሰነው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ሞረዳ ነው። ጣውላው የጎድን አጥንቱን ጠርዝ በሙሉ ስፋቱ መንካት አለበት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጫፍ ያሉት ስለዚህ ጠርዛቸው ሰያፍ ሆኖ ይሞረዳል። 25 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ዱላ ላይ ቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት ለጥፉና ቢያንስ ሦስት አጥንት በአንድ ጊዜ እየነካችሁ ፈግፍጉ፤ በ120 ጨርሱ። አጭር ዱላ ጉድጓድ ይፈጥራል። በየመሀሉ አንድ ጣውላ አስተኝታችሁ እዩ፤ አንዱን አጥንት ዘሎ ካለፈ ያ አጥንት ዝቅ ብሏል፣ ቀጭን እንጨት ደርቡበት። በፊትና በኋላ ጫፍ ባሉት ክፍተቶች ውስጥ የባልሳ (ለስላሳና ቀላል እንጨት) ቁራጭ ሞልታችሁ አብሮ ቢሞረድ ጣውላው የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ ያገኛል።

መመሪያ ወረቀቶች በአንድ መስመር የሚያልፉት ደግሞ የኋላውን ጠርዝ ነው። የጀርባ አጥንቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ በላዩ የሚለጠፈው የመጀመሪያው የጣውላ ድርብ 1.5፣ ሁለተኛው 0.6 ቢሆን፣ የሁለቱ ጎን ሲደመር 9.2 ይሆናል። መሪው የሚንጠለጠልበት ቋሚ እንጨት ግን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጣውላ ከመጀመሩ በፊት የጀርባ አጥንቱን የኋላ ጠርዝ ወደ 2 ሚሊ ሜትር አሳሱት፤ የቀረውን ከመጀመሪያው ድርብ ላይ በየጎኑ 0.6 በመፈግፈግ ታገኙታላችሁ።

ጣውላ እንዳለ አይለጠፍም፣ ይጠባል። የመሀለኛውን አጥንት ዙሪያ ከወለሉ እስከ ታች በወረቀት ጭረት ለኩ። 150 ሚሊ ሜትር ከሆነና ጣውላው 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ጣውላ ያስፈልጋል። በፊት ጫፍ ያለው ልክ 96 ከሆነ፣ ለ30 ሲካፈል እያንዳንዱ ጣውላ እዚያ 3.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከግማሽ በታች፣ ማለትም ከ2.5 በታች ከወጣ ግን አታጥብቡት፤ ሁለቱን ጣውላ ወደ አንድ አጋጥሙ። በኋላ በኩል ደግሞ ክፍተቱ ስለሚሰፋ የሽብልቅ ቁራጭ ይገባበታል።

ጣውላውን ለግማሽ ሰዓት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በቦታው በሞርሴቶ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ ሲደርቅ በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቁ። እርጥቡን የሚያጣብቅ ሰው በማግስቱ ክፍተት ያገኛል፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሸማቀቃላ። አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ እያላችሁ ሂዱ፤ አንዱን ጎን ብቻ መጨረስ አካሉን ያጣምመዋል። በነጩ ኮላ ፈንታ ሱፐር ግሉ ተጠቅማችሁ በሁለተኛው ድርብ ላይ ከፈሰሰ ቫርኒሽ የማይቀበል ጠባሳ ይተዋል።

ለላይኛው ወለል የጣውላዎቹን አንድ ጠርዝ ብቻ በእርሳስ አጥቁሩ፤ ሬንጅ የተሞላበት ስንጥቅ ይመስላል። ሲያልቅ በምላጭ ፋቁት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ የእርሳሱ ዱቄት ወለሉን ሁሉ ያግራጫል።

የባውንቲ ሆድ በመዳብ የተሸፈነ ነበር። የባሕር ኃይሉ ሉህ 48 በ14 ኢንች ስለነበር በ1፡48 ልኬት 25.4 በ7.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኪታችሁ ውስጥ ያለው በጣም ከራቀ አስተካክላችሁ ቁረጡት። ከኋላ ጀምራችሁ ወደ ፊት ሂዱ፤ የፊተኛው ሉህ የኋለኛውን መደረብ አለበት፣ አለዚያ በእውነተኛዋ መርከብ ላይ ውሃው ሉሁን ይገልበው ነበር። ጓንት አድርጉ፤ የጣት ላብ በሳምንታት ውስጥ ጠቁሮ ይታያል።

ወደ ገመዱ ስትመጡ፣ በኪት የሚመጣው ክር ጸጉራም ከሆነ በፖሊስተር ክር ቀይሩትና በንብ ሰም አሳልፉት። ምሰሶ የሚደግፈው ሬንጅ የተቀባ ነበርና ጥቁር ቡናማ፣ ሸራና ዘንግ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ፈካ ያለ ይሁን። ጥቃቅኖቹን መዘውሮች አግድም ዘንጎቹ ላይ እሰሩ፤ ይህ ግን ዘንጎቹ ወደ ምሰሶው ከመውጣታቸው በፊት ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። የጎን ደጋፊ ገመዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ መጀመሪያ በቀኝ የፊተኛው፣ ቀጥሎ በግራ እየተፈራረቁ ይታሰራሉ። በእነዚህ ገመዶች ላይ በአግድም የሚታሰሩትን የመሰላል እርከኖች ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር አራርቁ፤ መስመር የተሠመረበት ወረቀት ከጀርባ ካቆማችሁ አይዛነፉም። ቋጠሮውን አታክርሩት። የሚከር ከሆነ ደጋፊ ገመዶቹ መሀላቸው ላይ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ያኔ ፈትቶ ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለም።

ዋናው ምሰሶ ገመዱ ሳይያያዝ በፊት ትልቋን ጀልባ ወለሉ ላይ አስቀምጣችሁ ልክ መሆኗን እዩ። ከአመፁ በኋላ የመርከቧ አዛዥ ብላይና 18 ሰዎች የተሳፈሩባት ያቺ ባለ 23 ጫማ ጀልባ በዚህ ልኬት 14.6 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ገመዱ ከተወጠረ በኋላ እሷን አሾልኮ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። ቋጠሮዎቹን በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ቀቡ፣ ጫፎቹንም በማግስቱ ቁረጡ።